ያልተመዘገበው ልጅ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደምታውቁት እኔ ተናጋሪ ሰው አይደለሁም። ትምህርቴም እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ በመዝገብ ቤት የተገኘ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ገቢና ወጪ ደብዳቤ ስመዘግብ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ከወጣሁም በኋላ የእድራችንን መዝገብ ሰጣችሁኝና ይኸው እስከ ዛሬ እጽፋለሁ። ዳኛችን «ዘንድሮ አንተ አንድ ነገር ተናገር፣ በዓመቱ መጽሔታችንም ይወጣል» ሲሉኝ ስለ መዝገብ አያያዝ የምናገር መስሏቸው ነበር። እውነትም ስለ መዝገብ ነው የምናገረው። ብቻ በመዝገቡ ላይ ስለሌለ ስም ነው።

ነገሩን ከሩቅ ልጀምረው። በዕድሜ የምትገፉት ታስታውሱታላችሁ። በ1979 ዓ.ም. ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ ጡሩንባ ነፊው ገና ጎሕ ሳይቀድ ዞረ። በዝናቡ ውስጥ ጋቢያችንን ተከናንበን ስንወጣ «ማን ሞተ?» እየተባባልን ነበር። የተጠራው ቤት የታወቀ ቤት ነው። ባልና ሚስቱ ደኅና ናቸው፤ ሦስቱም ልጆቻቸው ደጅ ቆመዋል። ታዲያ የሞተው ማን ነው? ለካ አራተኛ ልጅ ነበራቸው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ በጓዳ ያደገ። ግድግዳ ለግድግዳ ተዋስኖ የኖረ ጎረቤት እንኳ አላወቀውም።

እኔ ያኔ ጉልበት ስለነበረኝ ከመቃብር ቆፋሪዎቹ ጋር ተመደብሁ። ቦታው ደርሰን ዶማ እንዳነሣን አንዱ ቀና ብሎ «ለመሆኑ የምንቆፍረው የልጅ ነው የአዋቂ?» አለ። የልጁን ቁመት የሚያውቅ ሰው አልነበረማ! አንድ ሰው በዝናብ ተመልሶ ቤቱ ድረስ ሄዶ ጠይቆ መጣ። እስኪመለስ ድረስ ዶማችንን ተደግፈን ቆመን ጠበቅን፤ ማንም ቃል አልተናገረም። ብዙ መቃብር ቆፍሬአለሁ፤ እንደዚያ ቀን የከበደኝ የለም።

ከለቅሶው በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። የእድሩ ደንብ በመዝገብ ላልሰፈረ ቤተሰብ ገንዘብ አይከፈልም ይላል። መዝገቡ ቢገለጥ የልጁ ስም የለም። ክርክር ተነሣ። በመጨረሻ ድንኳኑና ወንበሩ ተሰጥቶ ገንዘቡ ቀረ። አባትየው አልተከራከረም፤ «ደንብ ደንብ ነው» ብሎ ወጣ። እናትየው ደግሞ በለቅሶው ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አላለቀሰችም። ሴቶቹ «ተገላገለች» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ይህን ያነሣሁት ሙት ወቃሽ ልሁን ብዬ አይደለም። ያን ልጅ ሐኪም አላየውም፤ ሕመሙ ይህ ነበር ብዬ ስም አልሰጠውም። ያነሣሁት ከሠላሳ አራት ዓመት በኋላ እኔው ራሴ በዚያ አባት ቦታ ቆሜ ስለተገኘሁ ነው።

የልጅ ልጄ በ2008 ዓ.ም. ተወለደ። ስሙን እዚህ አላነሣም፤ ከመዝገቡ ላይ አለ። እኔ ጌታዬ እያልሁ ነው የምጠራው። ቆንጆ ልጅ ነው፤ በጊዜው ዳኸ፣ በጊዜው ሄደ። ሁለት ዓመት ሲሞላው ግን ስሙን ብንጠራው አይዞርም። ደንቆሮ ነው እንዳንል ከሩቅ የካርቶን ድምፅ ከሰማ ሮጦ ይመጣል። በጣቱ «ያን ስጡኝ» ብሎ አያመለክትም፤ እጃችንን ይዞ ወደሚፈልገው ነገር ይጎትተናል እንጂ። የለስላሳ ቆርኪ ሰብስቦ ከበሩ እስከ መደቡ ድረስ በተራ ይደረድራል። አንዷን ያነሡበት እንደሆነ አገር ይያዝልኝ ይላል። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ሲመታ ጆሮውን ይዞ ይጮኻል። ሌሊት አይተኛም፤ እሱ ካልተኛ ደግሞ ማን ይተኛል?

ቃል ሲያወጣም የሰማውን መልሶ ነው። ውሃ ሲጠማው «ውሃ እጠጣለሁ» አይልም፤ «ውሃ ትጠጣለህ?» ይላል። እኛ ስንጠይቀው የምንለውን ማለት ነው። መጀመሪያ እንስቅ ነበር። ኋላ ሳቁ ቀረ።

ያኔ የተባለውን ሁሉ ብነግራችሁ አይመሽም ትላላችሁ? ቡዳ ነው ያለ አለ። ዓይነ ጥላ ያለም አለ። ከሥራቸው የማልከሳቸው ባለሙያ፣ «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው፣ ታገሡ» ብለው መለሱን፤ ሁለት ዓመት ታገሥን። ባለቤቴ፣ ዛሬ እዚህ ተቀምጣለች፣ ትፈቅድልኛለች፣ «ይህ ነገር ከአማቻችን ዘር ነው የመጣው» አለች። የአማቻችን እናትም በበኩላቸው ከእኛ ዘር እንደመጣ ያውቃሉ። ሦስት ጠበል ተመላለስን። በጠበል አልቀልድም፣ ዛሬም እናጠምቀዋለን። ነገር ግን በአንዱ ቦታ ልጁ ውሃው ሲወርድበት በድንጋጤ ሲጮኽ ዙሪያውን የቆመው ሰው «ጮኸ! ለፈለፈ!» አለ። እናቱ ያን ቀን የተሰማትን ለማንም አልተናገረችም፤ ለእኔ ያጫወተችኝ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ጎንደር የሄድነው በ2013 ዓ.ም. ጥር ነው። ልጄ፣ ባሏ፣ ልጁና እኔ። ማክሰኝትን፣ ጠዳን፣ አዘዞን አልፈን እስክንገባ ልጁ የሚኒባሱን ረዳት እየተከተለ «ጎንደር ጎንደር ጎንደር፣ የሞላ!» ይላል። ተሳፋሪው ይስቃል። ረዳቱም ወደደው፣ «ይኼማ ሥራዬን ሊነጥቀኝ ነው» አለ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ወለሉ ላይ ከልጁ ጋር ተቀምጣ አንድ ሰዓት ያህል ተጫወተች። ለእናቱ ብዙ ጥያቄ ጠየቀች፤ መቼ ሄደ፣ መቼ ሣቀ፣ ዓይን ለዓይን ያያል ወይ፣ እያለች። በሁለተኛው ቀጠሮ ደግሞ እንዲሁ። ደም አልቀዳችም፤ ራጅም አላዘዘችም። አማቼ ትዕግሥቱ አልቆ «ዶክተር፣ ምርመራው መቼ ነው የሚጀመረው?» አለ። ይህን ብዙ ሰው ስለማያውቀው ልናገር፤ ለዚህ ነገር የደም ምርመራ የለውም። የሚታወቀው ልጁን በማየትና ወላጁን በመጠየቅ ነው። እሷም ይህን አስረድታ ስሙን ነገረችን። ኦቲዝም ይባላል አለች። ልጁ ሲፈጠር ጀምሮ አንጎሉ ያደገበት መንገድ ከሌላው የተለየ ነው፤ ከዘር የሚወርድ ነገር ትልቅ ድርሻ አለው፤ በኪኒን የሚጠፋ አይደለም፤ ነገር ግን በማስተማር ብዙ ይሻሻላል አለች። አማቼ ስለ ክትባት ጠየቃት፣ ከሰው ሰምቶ ነበርና። ያ ወሬ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1998 እንግሊዝ አገር አንድ ሐኪም በ12 ልጆች ላይ ተመሥርቶ ከጻፈው ጽሑፍ የመጣ ነው። ጽሑፉ በ2010 ከመጽሔቱ ተሰርዟል፣ ጸሐፊውም የሐኪምነት ፈቃዱን ተነጥቋል። እሷ «ክትባቱ አይደለም» ብላ ባጭሩ መለሰችለት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት።

ልጄ አላለቀሰችም። ቦርሳዋን ከፍታ የሆነ ነገር ትፈልግ ጀመር። ፈለገች፣ ፈለገች፣ ምንም አላወጣችም፤ ዘጋችው። አማቼ ተነሥቶ «እናመሰግናለን» ብሎ እጅ ነሥቶ ወጣ። እኔ ወረቀቱን ተቀበልሁ። የመዝገብ ቤት ሰው ነኝና ወረቀት ሲሰጡኝ መጀመሪያ የማየው ቁጥርና ቀኑን ነው። ቁጥርና ቀኑን አየሁ። ምን ላድርግ?

ስንመለስ በሚኒባሱ ውስጥ ማንም አልተናገረም። ልጁ ብቻ ፊቱን ወደ እንፍራንዝ አዙሮ «ጎንደር ጎንደር፣ የሞላ!» ይላል። የጉዛራ ግንብ ከሩቅ ሲታይ ልጄ «አባባ» አለችኝ። «ወይ» አልኋት። «በአራስነቴ አንድ ቀን ብቻዬን ደጅ ወጥቻለሁ። ብረት እንኳ አልያዝሁም ነበር።» ይህን አለችና ዝም አለች። እናቱን ጨርሶ የሚያብሰለስላት ያ ነበር። ሐኪሟ «የማንም ጥፋት አይደለም» ስትላት ጆሮዋ ሰምቷል፤ ልቧ ግን ገና ጥፋቷን እየፈለገ ነው። በእርግዝናዋ በቀትር ወንዝ መውረዷን፣ ሠርግ ቤት ከበሮ መምታቷን፣ ከባሏ መጣላቷን፣ ሁሉን አንድ በአንድ አነሣች። ባል ደግሞ ሌላ ነው። «ሐኪሟ ልጅ ናት፣ አታውቅም» ብሎ ባሕር ዳር ድረስ ወስዶ ሌላ ሐኪም አሳየ። ያው ተባለ። ከዚያ በኋላ ሠርግ አይሄድ፣ ክርስትና አይሄድ፣ ዝም ብሎ እንጨቱን ይፈልጣል። የሚፈለጥ እንጨት ሲያልቅ ከጎረቤት አምጥቶ ይፈልጣል።

አንድ የገረመኝ ነገር አለ። በዚያው በመጀመሪያው ሌሊት ልጄ ተኛች። ለሁለት ዓመት እንቅልፍ ያልነበራት ልጅ እስከ ረፋድ ተኛች። ኋላ ብጠይቃት «አባባ፣ ቢያንስ ስም አለው» አለችኝ። ስም የሌለው ነገር ሌሊት ሌሊት እየመጣ ያስፈራል፤ ስም ሲያገኝ ይከብዳል እንጂ አያስፈራም፤ እንዲህ ብዬ ነው እኔ የተረዳሁት። በማግስቱ ደግሞ ስታለቅስ ዋለች። ሁለቱም እውነት ነው።

አሁን ወደ እድራችን ልምጣ። ሰው ሲሞትብን ሥርዓቱን እናውቀዋለን። ጡሩንባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ወንዱ በድንኳን ሴቱ በቤት ይቀመጣል፤ ሠልስቱ እስኪወጣ ድረስ ሐዘንተኛው ብቻውን አያድርም። ለዚህ ሐዘን ግን ጡሩንባ የለውም። ልጄ ቤት ማንም አልመጣም፤ ማን ያውቃል? ያወቁትም ምን ብለው ይምጡ? «እግዜር ያጥናሽ» አይባል፣ ልጁ በሕይወት አለ። «እግዜር ይማርህ» አይባል፣ የሚያልፍ ሕመም አይደለም። በቋንቋችን ለዚህ የተዘጋጀ ቃል ስለሌለ ሰው በዚያ በኩል ማለፍ ተወ። ከክፋት አይደለም።

የወንድሜ ልጅ አዲስ አበባ መምህር ነው፤ በስልኩ እያነበበ በአማርኛ ያጫውተኛል። ጂም ሲንክሌር ስለተባለ ሰው ነገረኝ። ራሱ ኦቲዝም ያለበት ነው። በ1993 በፈረንጅ ቶሮንቶ ከተማ በተደረገ ጉባኤ ላይ በወላጆች ፊት ቀርቦ ወላጆች የሚያለቅሱት ይመጣል ብለው ሲጠብቁት ለነበረውና ላልመጣው ልጅ ነው፣ እሱን ማልቀስ ይቻላል፣ ነገር ግን ያ ልቅሶ በመጣው ልጅ ላይ እንዳይሆን ብሎ መከራቸው። ይህ ነገር ለእኔ እንደ እድርተኛ ሰው ቶሎ ገባኝ። ልጄ አንድ ቀን «ያን ዕለት ጎንደር ልጄን ቀብሬ መጣሁ» ብላኝ ነበር፤ እንዲህ ስትል ልጁ አጠገቧ ተቀምጦ «ውሃ ትጠጣለህ?» ይላታል።

በሌላው ዓለምም ቢሆን ነገሩ ቀላል አልነበረም። ኦቲዝምን ለይቶ የጻፈው ሊዮ ካነር የተባለ አሜሪካ የሚኖር የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ነው፤ በ1943 በፈረንጅ፣ በ11 ልጆች ላይ ተመሥርቶ። ከአሥራ አንዱ የመጀመሪያው ዶናልድ ትሪፕሌት ይባላል፤ ሚሲሲፒ በተባለው ክፍለ ሀገር ፎረስት በምትባል ትንሽ ከተማ የተወለደ። ሦስት ዓመት ሲሆነው ወላጆቹ በሐኪም ምክር ከቤት አውጥተው የሕፃናት ማቆያ አስገቡት። አንድ ዓመት ያህል ቆዩና አላስቻላቸውም፣ ሄደው አወጡት። አባቱ ስለ ልጁ ለካነር የጻፈው ደብዳቤ 33 ገጽ ነው። እኔ በሥራ ዘመኔ ብዙ ደብዳቤ መዝግቤአለሁ፣ ሠላሳ ሦስት ገጽ ደብዳቤ ግን አይቼ አላውቅም። የጨነቀው አባት ነዋ! ይህ ዶናልድ አድጎ ተምሮ በዚያችው ከተማ በባንክ ከስድሳ ዓመት በላይ ሠርቶ፣ ጎልፍ እየተጫወተ፣ አገር እየዞረ ኖሮ በ2023 በሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱ አረፈ። የከተማው ሰው ያውቀው ነበር፣ ይወደውም ነበር። ሁሉም እንዲህ ይሆናሉ ብዬ አልዋሽም፤ ዕድሜ ልካቸውን ቃል የማያወጡ አሉ፣ ሁልጊዜ ሰው የሚጠብቃቸው አሉ። ብቻ ያ ልጅ በማቆያው ቢቀር ኖሮ ይህን ሁሉ ማን ያውቅ ነበር?

የሚያሳዝነው ሌላው ነው። እኛ ቡዳ ነው ስንል እነሱ ደግሞ «የእናት ልብ ስለቀዘቀዘ ነው» ይሉ ነበር። ካነር ራሱ መጀመሪያ ወላጆቹን ቀዝቃዛ ሰዎች ናቸው ብሎ ጽፏል። ቤትልሃይም የተባለ ቺካጎ የሚኖር ሰው በ1967 በትልቅ መጽሐፍ ጥፋቱን በእናቶች ላይ ጫነው። ስንት እናት በዚያ መጽሐፍ ተቃጠለች! ያን የሰበረው በአብዛኛው የወላጆቹ ትግል ነው። በርናርድ ሪምላንድ የሥነ ልቦና ሊቅ ነበር፣ የራሱ ልጅ ኦቲዝም ነበረው፤ በ1964 ጽፎ ነገሩ የአንጎል እንጂ የእናት ፍቅር ማነስ እንዳይደለ አስረዳ። በ1969 ሽማግሌው ካነር በወላጆች ጉባኤ ላይ ቆሞ እናንተ ጥፋት የለባችሁም ብሎ በአደባባይ ነጻ አወጣቸው። ይህን ለልጄ የወንድሜ ልጅ ሲነግራት አጠገቧ ነበርሁ። ሁለት ጊዜ ደግማ አስነገረችው።

በአገራችንም ይህን ሸክም በአደባባይ የተሸከመች ሴት ነበረች፤ ዘሚ የኑስ። አሜሪካ ኖራ ተመልሳ አዲስ አበባ የቁንጅና ሙያ ትምህርት ቤት የከፈተች ነች። ልጇ ኦቲዝም አለው። የሚቀበለው ትምህርት ቤት ሲጠፋ በ2002 በፈረንጅ ራሷ ጆይ የተባለ ማዕከል ከፈተች፤ ጆይ ማለት ደስታ ነው። በቴሌቪዥን ቀርባ «ይህ ልጄ ነው» አለች። ያን ማለት በዚያ ጊዜ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ልጆቹን ቃል ለማስያዝ የተጠቀመችበት ዘዴ የአቡጊዳ ፊደላችንን ድምፅ ነው። እኔ በቄስ ትምህርት ቤት ሀ ሁ ስል በአለንጋ የተገረፍሁበት ፊደል አፍ ላልፈታ ልጅ መፍቻ ሆነ ሲሉኝ ደስ አለኝ። ዘሚ በ2013 ዓ.ም. አረፈች፤ እኛ ወረቀቱን በተቀበልንበት ዓመት መሆኑ ነው። ራሔል አባይነህ የተባለች እናትም ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆና ነህምያ የተባለውን ማዕከል አቋቁማለች። ሁለቱም አዲስ አበባ ናቸው። ከእንፍራንዝ አዲስ አበባ የት! መንገድ በተዘጋባቸው ሳምንታትማ ጎንደርም ሩቅ ነው። ስለዚህ የእኛ ማዕከል ይኸው እኛው ነን፤ ሌላ የለም።

በ2008 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት አለ። አዲስ አበባ በሁለት ሆስፒታሎች የአእምሮ እድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚያሳክሙ 102 ወላጆችና አሳዳጊዎች ተጠየቁ። ከመቶ አርባ አምስቱ በልጃቸው ሁኔታ እናፍራለን አሉ። ከመቶ ሃያ ሰባት ያህሉ ነገሩ እንዳይታወቅ እንሸሽጋለን አሉ። ከመካከላቸው መጀመሪያም ሆነ ኋላ ጠበል የሄዱ አሉ። የተማረውም ያልተማረውም በኀፍረቱ እኩል ነው ይላል ጥናቱ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ልጃቸውን ይዘው ሐኪም ቤት የመጡት ናቸው። በጓዳ የቀሩትን ማን ጠየቃቸው?

እንግዲህ ወደ ራሴ ጥፋት ደረስሁ። ይህን ሳልናገር ብወርድ ንግግሬ ሁሉ ውሸት ይሆናል።

በ2014 ዓ.ም. መስከረም የእድራችን አሮጌ መዝገብ ስለሞላ አዲስ እንደተከፈተ ታስታውሳላችሁ። የእያንዳንዱን አባል ቤተሰብ ከአሮጌው ወደ አዲሱ የገለበጥሁት እኔ ነኝ። አባላትም እየመጣችሁ አረጋገጣችሁ። አማቼ በተራው መጣ። «ቤተሰብህን ጥራ» አልሁት። የሚስቱን ስም ጠራ። የትንሿን ሴት ልጁን ስም ጠራ። ዝም አለ። አሮጌው መዝገብ ከፊቴ ተገልጧል፤ በመካከል የልጁ ስም አለ፤ ስሙን የጻፈው ከእኔ በፊት የነበረው ጸሐፊ ነው፣ ነፍሱን ይማረው፣ አጠገቡም «ወንድ» ብሎ አሳምሮ ጽፎበታል። እኔ «ሌላስ?» ማለት ነበረብኝ። አላልሁም። ከኋላው ሰዎች ተሰልፈዋል፣ አንዱ ስለ ልጁ ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ ብዬ ፈራሁ። አማቼም አየኝ፣ እኔም አየሁት። ዝም ተባባልን። ሠላሳ አንድ ዓመት ስገለብጥ አንድ መስመር ጥዬ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ጣልሁ።

በዚያ ሌሊት የቆፈርነው መቃብር ትዝ አለኝ ብዬ ብናገር መልካም ነበር። ግን ትዝ አላለኝም። ደክሞኝ ስለነበር ተኛሁ።

ያስታወሰኝ ልጁ ነው። ይህ ልጅ ሰው የሚለውን በወጉ ባይመልስም ፊደል ግን በአምስት ዓመቱ ማንም ሳያስተምረው ከሱቅ ማስታወቂያና ከዘይት ጀሪካን ላይ ለቅሞ ያዘ። ቤቴ ሲመጣ ቦታው የታወቀ ነው፤ አሮጌውን መዝገብ ይገልጥና ጣቱን እያስኬደ ስም ያነባል። ከላይ እስከ ታች፣ ገጽ በገጽ። የሁላችሁንም ቤተሰብ በተራ በቃሉ ያውቃል፤ ካላመናችሁ ኑና ጠይቁት። በ2015 ዓ.ም. ግንቦት አንድ ቀን አዲሱን መዝገብ ጠረጴዛ ላይ ረስቼው አገኘው። ማንበብ ጀመረ። እኔ ምድጃው ዳር ነኝ። የአባቱን ገጽ ሲደርስ የአባቱን ስም አነበበ፣ የእናቱን ስም አነበበ፣ ከዚያ የራሱን ስም አለና ቆመ። ወረቀቱን አየ። የለም። ከመጀመሪያ ጀመረ፤ አባቱን፣ እናቱን፣ የራሱን ስም፣ ቆመ። መልሶ መላልሶ እንዲሁ። ከዚያ ጣቱን በሁለቱ መስመሮች መካከል እየጫነ ይጮኽ ጀመር።

ባለቤቴ ከጓዳ ሮጣ መጣች። «ምን ሆነብሽ ልጁ?» ሳይሆን «ምን አደረግኸው?» ነው ያለችኝ።

እዚህ ላይ ላታልላችሁ አልፈልግም። ልጁ የጮኸው «አያቴ ካደኝ» ብሎ አይደለም። ያን የሚያስብ አይመስለኝም። የጮኸው ተራው ስለተዛባ ነው፤ አንድ ቆርኪ ሲጎድልበት እንደሚጮኸው። ስህተት ስለሆነ ነው የጮኸው። ስህተትም ነበረ።

ብዕሬን አምጥቼ በሁለቱ መስመሮች መካከል፣ በጠባቡ ቦታ፣ ስሙን በደቂቅ ጽፌ አስገባሁ። በመሥሪያ ቤት ሕግ እንዲህ ያለ ማስገባት በአጠገቡ ፊርማና ቀን ያስፈልገዋል። ፈረምሁበት። ልጁ ከመጀመሪያ ጀምሮ አነበበ፤ አባቱን፣ እናቱን፣ ራሱን፣ እኅቱን፤ ከዚያ ዝም ብሎ ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈ። በማግስቱ አማቼን ጠርቼ አሳየሁት። ብዙ ቆሞ ካየ በኋላ «ጋሼ፣ ጽሑፉ ደቀቀ» አለኝ። «ቦታ ስለሌለ ነው» አልሁት። ሁለታችንም ያለቀስነው በዚህ ነው፤ ሌላ የተናገርነው የለም። በዚያ ዓመት ፋሲካን ያሳለፈው ሳይወጣ ነበር፤ በቀጣዩ ጥምቀት ግን ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ጆሮውን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ከከበሮው ራቅ ብሎ ቆሞ አየሁት።

አሁን ወደ ሒሳብ ልግባ፣ የምችለው እሱን ነውና። የዓለም የጤና ድርጅት በሚያወጣው ግምት ከመቶ እስከ መቶ ሠላሳ ልጆች መካከል አንዱ ኦቲዝም አለበት። ወንዶች ይበዛሉ። በመዝገባችን የሰፈሩ ልጆች ስድስት መቶ ያህል ናቸው። ስለዚህ አምስት ወይም ስድስት መሆን አለባቸው። እኔ የማውቀው አንድ ነው። ሌሎቹስ የት አሉ? ምናልባት በመዝገቡ ውስጥ አሉ፣ እኔ አላወቅኋቸውም። ምናልባት ደግሞ ያልተመዘገቡት ናቸው። እንደ ጸሐፊ ሒሳቡ አልገጠመልኝም።

ከኮሚቴው ጋር ተነጋግረን ለዛሬው ጉባኤ ሁለት ነገር ይዤ ቀርቤአለሁ። አንደኛው ያ የ1979ኙ ደንብ ነው፤ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። የአባል ልጅ በማናቸውም ምክንያት ስሙ በመዝገብ ባይኖር እንኳ ልጅነቱ በሦስት ጎረቤት ከተመሰከረ ሙሉ ገንዘቡ ይከፈል የሚል ነው። በእጅ ብልጫ ትወስኑበታላችሁ። ሁለተኛው ደንብ አይደለም፣ ልመና ነው። አንድ ቤት እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ ከሐኪም ቤት መመለሱን የሰማ ሰው በዚያው ሳምንት ሄዶ ቡና ይጠጣ። የሚባል ቃል ከጠፋው ዝም ብሎ ይቀመጥ፤ ለቅሶ ቤት እኮ ብዙ ጊዜ ዝም ብለን ነው የምንቀመጠው። ልጁን በስሙ ይጥራው፤ ባይዞርም ይጥራው። ሴቶች ከቻላችሁ እናትየዋን ለሁለት ሰዓት አሳርፏት፤ ትተኛ። ጠበል አትሂዱ አትበሏቸው፤ «ሐኪምም አሳዩ» በሏቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ልጆቻችንንም ጠይቁ፤ ስለ ልጆች የአእምሮ እድገት ችግር የሚያስተምር ሥልጠናና የኪስ መጽሐፍ ከተዘጋጀላቸው ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ልጄ ቤት መጀመሪያ የመጡት ሴት እዚህ አሉ፤ ስማቸውን ብጠራ ያፍራሉ። ድፎ ዳቦ ይዘው መጥተው «የመጣሁት ልጁን ላይ ነው» ብቻ አሉ። ልጁም ቆርኪዎቹን እስከ እግራቸው ድረስ ደረደረላቸው። ልጄ ዛሬም ያን ታነሣለች።

መዝገቡ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ዛሬ ቡናው እስኪጠጣ ድረስ ከፍቼው እቀመጣለሁ። ስም ለማስገባት የሚፈልግ ቢኖር ይምጣ፤ ለምን እስከ ዛሬ እንዳልተጻፈ አልጠይቅም፣ አጠገቡም የምጽፈው ቀንና ፊርማዬን ብቻ ነው። በዚህ ጉባኤ ፊት መምጣት የከበደው ደግሞ ማታ ቤቴ ይምጣ፤ ልጁ ካለ አትደንግጡ፣ ስማችሁን አንብቦ ይቀበላችኋል።

ሰዓቱን አራዘምሁባችሁ። አሁን ገንዘብ ያዣችን የዓመቱን ሒሳብ ያቀርባሉ።